በረኛው ለምን ብሉምፎንቴይንን መረጠ

ቮስሎሩስ፣ ጆሃንስበርግ
ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለመምህርት ኤርጎጌ፣

የጌታ ሰላም በቤትሽ ይደር። እኔና ባለቤቴ ብርነሽ፣ ልጃችን በርናባስም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የጉልበትሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? ቁም ነገር በስልክ አይነገርም፣ ይጻፍ ብለሽ ስላዘዝሽኝ ይኸው በስተርጅናዬ ብዕር ይዤ ተቀምጫለሁ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ በሰላማዊት ስልክ እልከዋለሁ። ልጅሽ ታንብብልሽ፣ አንቺም መልስሽን በዚያው ላኪ። ፊደሌን ግን በቀይ እንዳታርሚው።

የዛሬው ወሬ ደስ የሚል ነው። በርናባስ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ይጨርሳል። የትምህርት ቤቱ ኳስ ቡድን በረኛ እንደሆነ ነግሬሻለሁ። ባለፈው ወር በትምህርት ቤቶች ዋንጫ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አዳነና ሰዉ ትከሻው ላይ አድርጎ ሰፈሩን አዞረው። ለካ ያን ቀን ተጫዋች ሊመለምሉ የመጡ ሰዎች ከሜዳው ዳር ነበሩ። አሁን ሁለት ኮሌጆች «ና፣ እያስተማርንህ ለእኛ ተጫወት» ብለውታል። ሁለቱም የትምህርቱን ወጪ ይችላሉ። አንደኛው እዚሁ ጆሃንስበርግ ነው፣ በታክሲ ተመላልሶ ማታ ቤቱ ይገባል። ሌላው ብሉምፎንቴይን የሚባል ከተማ ነው፣ ሌላ ክፍለ ሀገር፣ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ።

እጁን ከየት አመጣው ካልሽኝ ከዳቦ ነው። ሎኬሽን በምንለው በዚህ የሕዝቡ መንደር ዳቦ የሚያከፋፍለው መኪና ብዙ መቆም አይወድም። ረዳቱ ከላይ ሆኖ ዳቦውን አንድ በአንድ ይወረውራል፣ እኛ ከሱቃችን በር ላይ እንቀልባለን። በርናባስ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲቀልብ አንድም መሬት አይነካበትም። እኔ የቀለብኩ ቀን ደንበኞቼ የተጨማደደ ዳቦ ይበላሉ።

ልቤ ወደ ጆሃንስበርጉ ነው። አንቺስ ምን ትያለሽ? ሥራውም ሰፈሩም ሰላም ነው፣ ምንም አታስቢ።

ወንድምሽ ደሳለኝ


ሆሳዕና
መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለታናሽ ወንድሜ ለደሴ፣

ዘመኑን የሚለውጥ አምላክ እናንተን ሳይለውጥብኝ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ጉልበቴ ያው ነው፤ ለጸሎት ሲንበረከክ እሺ ይላል፣ ለመነሣት እምቢ ይላል።

ደብዳቤህን ሰላማዊትን አስደገምኳት። እንቁላል ገበያ አድርስ ብዬ ልኬህ ቅርጫቱን ደጃፉ ላይ የደፋህ ሰውዬ፣ ከእጁ ምንም የማይወድቅ ልጅ ወለድክ! እግዚአብሔር ቀልድ ያውቃል።

የልጁ ነገር ክርክር አያሻውም። ልጁ እዚያው ጆሃንስበርግ ይቅር። ልጅ ርቆ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? አንተን እንደ ልጄ አሳድጌ ነው የሸኘሁህ። ስትሄድ «ሁለት ዓመት ብቻ» አልከኝ። ይኸው ልጅህ ጢም አወጣ፣ አንተ ግን ገና አልተመለስክም። በርናባስንም ሌላ ክፍለ ሀገር ልከህ እንደ እኔ በር በር እያየህ እንድትኖር አልፈልግም።

ስለዚህ የጸሎት ርዕስ አድርጌ ለእህቶች ኅብረት አቅርቤዋለሁ። «በርናባስ ደሳለኝ ከአባቱ አጠገብ እንዲቀር» ተብሎ በሰሌዳችን ላይ ተጽፏል። ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን። የእኛን ኅብረት ታውቀዋለህ፣ ርዕስ ከያዘ መልስ ሳያገኝ አይሰርዝም።

የቤተ ክርስቲያናችን ድምፅ ማጉያ ስለተበላሸ ከዚያ የሚመጣ ሰው ስታገኝ አንድ ላክልን። የልጁን ማሊያም እፈልጋለሁ፣ ቁጥር ያለበትን።

አንድ ነገር ደግሞ ልበልህ። «ሰፈሩ ሰላም ነው» ብለሃል። ማን ጠየቀህ? ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬያለሁ። ተማሪ ያልተጠየቀውን ሲመልስ የሚሸፍነው ነገር አለ።

እህትህ ኤርጎጌ


ቮስሎሩስ
ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፣

ጌታ ዕድሜሽን ያርዝመው። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ። የዘገየሁት በርናባስ ፈተና ላይ ስለሆነ ነው፤ እኔም የምጽፈው ነገር እስኪኖር ብዬ ነው።

አሁን አለ። ልጁን ፊቴ አስቀምጬ «ጆሃንስበርግ ትቀራለህ፣ አክስትህም እኔም የተስማማንበት ነው» አልኩት። ራሱን ደፍቶ ዝም አለ። ልጅ አባቱ ፊት ዝም ካለ እሺ ማለቱ ነው። እኛስ አባታችን ፊት መቼ ተናግረን እናውቃለን? እናም ነገሩ አልቋል፣ ለእህቶች ንገሪያቸው።

ድምፅ ማጉያውን ሲላስ ያፈላልግልኛል። ሲላስ አብሮኝ የሚያመልክ ወንድም ነው፣ መሃል ከተማ ብርድ ልብስ ይሸጣል። ና፣ አብረን እንሥራ እያለ መውጫ መግቢያ ያሳጣኛል። የልጄ ትምህርት ቤትም ቡድኑም እዚህ ሆኖ የት እሄዳለሁ ብዬ መለስኩት።

ማሊያውን በርናባስ ራሱ ይልክልሻል። ብርነሽ ሰላም ብላሻለች።

ወንድምሽ ደሳለኝ


ሆሳዕና
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለደሴ፣

ጸሎት ሰሚው ይመስገን! እሑድ ከምእመናን ፊት ቆሜ መሰከርኩ። ርዕሳችን ከሰሌዳው ላይ ተሰርዞ በጎኑ «ተመልሷል» ተብሎ ተጻፈ። እልልታው ልዩ ነበር። ከእኛ ኅብረት እናትነሽን ታውቃታለህ፣ አንዲት ብር ለማውጣት የምትከራከረዋ፣ እሷ እንኳ ለሁሉም ምሳ ይዛ መጣች። ወጣቶቹ «የእትዬ ኤርጎጌ በረኛ» እያሉ ሰላም ይሉኛል። ከኳስ ጋር በዚህ ዕድሜዬ ተዛመድኩልህ።

አሁን ወደ ሌላው ልምጣ። ጎረቤታችን ሀቢሶ ልጁ እዚያው እናንተ ዘንድ ቶኮዛ የሚባል ቦታ ሱቅ አለው። ትናንት በአጥር ላይ ሆኖ «መምህርት፣ ወንድምሽ እንዴት ሆነ? ክረምቱን የኛ ሰዎች ሱቅ ሲሰበር የቮስሎሩሱም ተነክቷል አሉ» አለኝ። የማውቅ መስዬ «ደህና ነው» ብዬ ገባሁ። ገብቼ ግን ቁጭ አልኩ፣ መነሣት አቃተኝ። ጉልበቴ አልነበረም።

ሱቅህ ተነክቷል ወይ? አንተ ተነክተሃል ወይ? የተጠየቅከውን ብቻ መልስ።

ኤርጎጌ


ቮስሎሩስ
ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ፣

እንኳን አደረሰሽ ሳልል ገና አለፈ። ይቅር በይኝ። ብዕር ሳነሣና ስጥል ነው የከረምኩት።

በርናባስ ብሉምፎንቴይንን መረጠ። ፈተናውን እንደጨረሰ ከአሰልጣኙ ጋር ሄዶ ፈረመና ማታ መጥቶ ነገረን። ለምን አልኩት። «ለኳሴ ይሻለኛል» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ። እውነቱ ይህ አይደለም። የጆሃንስበርጉ ቡድን እንደሚበልጥ አሰልጣኙ ራሱ ነግሮኛል። ከዚያ ወዲህ እኔና እሱ አንነጋገርም። ብርነሽ በገበታ መሃላችን ተቀምጣ እሱን «ለአባትህ ጨው አቀብል»፣ እኔን «ለልጅህ ውኃ ስጠው» ማለት ሰለቻት።

የሀቢሶ ልጅ ያወራው እውነት ነው። ሰኔ ውስጥ «የውጭ ሰው ሱቅ ይዘጋ» እያሉ የሚዘፍኑ ሰዎች በመንገዳችን መጡ። በላይ በኩል ያሉትን ሁለት ሱቆች ሰባበሩ። እኛ ብረቱን ዘግተን ሦስታችንም ውስጥ ነበርን። ቤቱን ያከራዩን አሮጊት አሉ፣ እንደ አገሩ ወግ ጎጎ እንላቸዋለን፣ አያቴ እንደ ማለት ነው። ከዘራቸውን ይዘው በራችን ላይ ቆሙ። «ይሄ የበረኛው ቤት ነው! የበረኛውን ቤት ሰብራችሁ ቅዳሜ ለማን ልታጨበጭቡ ነው?» አሏቸው። አንዱ ሳቀ፣ ሌላውም ሳቀ፣ አልፈውን ሄዱ። የዚያን ቀን ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ገባኝ። አትቀየሚኝ።

ያልጻፍኩልሽ እንዳትታመሚ ብዬ ነው። ሰው ግን አልነካኝም፣ ሱቁም አልተነካም።

አሁን ጭንቀቴ ይግባሽ። ልጄ ጎሉ ላይ እስከቆመ ድረስ የሚነካኝ የለም። ብርነሽ ከዚህ ሰፈር እንውጣ ባለችኝ ቁጥር «በርናባስ እያለ ማን ይነካናል» እላት ነበር። እሱ ሲሄድስ ማንን ተማምኜ በሬን እከፍታለሁ? ይህን ሁሉ እያወቀ ነው የፈረመው። ልጄ ጥሎኝ ሄደ፣ እትዬ።

ደሳለኝ


ሆሳዕና
ጥር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለደሳለኝ፣

ተቆጥቻለሁና ዛሬ ደሴ አልልህም። የእግዚአብሔር ሰላም ግን አይለይህ፤ እሱን በቁጣም ቢሆን አልነሣህም።

አንተ ሰኔ ላይ ብረት ዘግተህ ነፍስህን ስትጠብቅ፣ እኔ መስከረም ላይ ድምፅ ማጉያ ላክ እልሃለሁ። እንዲህ ሞኝ ታደርገኛለህ? ድምፅ ማጉያውን ተወው። የምንጮኸውን እንጮኻለን። ጎጎን ግን እግራቸውን ስመህ «ሆሳዕና ያለች እህቴ ነፍሴን ነው የጠበቁልኝ አለች» በላቸው። በምትግባቡበት ቋንቋ በላቸው።

የጸሎቱን ነገር አታንሣብኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉሃል እኔን ነው። «ተመልሷል» የሚለው እስካሁን ሰሌዳው ላይ አለ፣ እናትነሽም ምሳዋን አልረሳችም። የፊታችን እሑድ ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ልቀር ነው።

አሁን ስማኝ። ልጅ ዝም ካለ እሺ ማለቱ ነው ብለህ ጽፈህልኝ እኔም ከአንተ ብሼ አመንኩህ። አንተ አባታችን ፊት ራስህን ደፍተህ ዝም ብለህ አልነበር? አባባ እሺ አለኝ ብሎ ደስ እንዳለው ተኛ። በሳምንቱ ሞያሌ ደርሰህ አልነበር እንዴ? ልጁ ከማን ተማረው?

እጁን ከዳቦው አመጣ፣ ዝምታውን ግን ካንተ ነው። ስለዚህ እንደገና ጠይቀው። ፈርደህ አትጠይቅ፣ ጠይቀህ ፍረድ። የሴት ልጅ ነገር ከሆነም የማን ልጅ እንደሆነች ጻፍልኝ።

ኤርጎጌ


ጆሃንስበርግ
የካቲት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ፣ የእናት ያህል እህቴ፣

ጌታ አፍሽን ይባርከው። ጠየቅሁት። የሴት ልጅ ነገር አይደለም።

ደብዳቤሽ በደረሰ በማግስቱ ማለዳ የዳቦው መኪና መጣ። ከተኳረፍን ወዲህ ዳቦ የምቀልበው እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያውን ጣልኩት፣ ሁለተኛው አፍንጫዬን መታኝ። ረዳቱ ከላይ ሆኖ «ማይ ፍሬንድ፣ በረኛው የት ሄደ?» እያለ ይስቃል። የሚቀጥለውን ልቀልብ እጄን ስዘረጋ ከኋላዬ ረጅም እጅ መጥቶ ቀደመኝ። በርናባስ በካልሲው ቆሟል። አንድ ቃል ሳንነጋገር እሱ ይቀልባል፣ እኔ እደረድራለሁ። መኪናው ሲሄድ ቃልሽን ያዝኩና «ሳልፈርድብህ ልጠይቅህ፣ ለምን ብሉምፎንቴይን?» አልኩት።

የመጨረሻውን ዳቦ ደረቱ ላይ አቀፈ። ከዚያ «ዳዲ፣ ታየርድ ነኝ፣ ደክሞኛል» አለኝ።

«ምን አደከመህ?»

«ጎጎ በራችን ላይ ቆመው ያሉትን እኔም ሰምቻለሁ። አንተ ለማሚ በርናባስ እያለ ማን ይነካናል ስትላት ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ጎል ሲገባብኝ መረቡን አይደለም የማየው፣ ሱቃችንን ነው። የዋንጫው ቀን እነዚያን ሁለት ኳሶች ሳድን ሰው ሁሉ ለዋንጫው ሲጨፍር፣ እኔ ዛሬ ቤታችን አይሰበርም ብዬ ነው ያለቀስኩት። አንድ ቀን ብሸነፍስ፣ ዳዲ? አንድ መጥፎ ጨዋታ ብጫወት እናንተ ምን ትሆናላችሁ? ጆሃንስበርግ ከቀረሁ አንተ ከዚህ ሰፈር አትነቃነቅም። እኔ ከሌለሁ ግን ፈርተህም ቢሆን ትወጣለህ ብዬ ነው።»

እትዬ፣ ሰው ሁሉ ትከሻው ላይ ሲያደርገው አየሁ እንጂ እኔ ምን እንዳሸከምኩት አላየሁም። ዳቦው መሃላችን እንደሆነ አቅፌው አለቀስኩ። ያ ዳቦ የሚሸጥ አልሆነም።

ትንሽ ስረጋጋ «እኔ እኮ ለራሴ ብዬ አልነበረም የቀረሁት» አልኩት። «ሲላስ ና እያለኝ እምቢ ያልኩት ቡድንህን እንዳላስጥልህ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህ?» አለ።

«ለአንተ ብዬ ነዋ!»

ብርነሽ ከውስጥ ሰምታን ወጣች። «እኔ ደግሞ ለሁለታችሁ ብዬ እንጂ እዚህ አንድ ቀን ማደር አልፈልግም ነበር» ስትለን ሳቅ ያዘን። ደንበኛ መጥቶ በፍርግርጉ ሲያንኳኳ ሦስታችንም እየሳቅን አገኘን።

ያን ዕለት ከዚህ ሰፈር እንውጣ ተባባልን፤ የቀረው ለጎጎ መንገር ነበር። ጥለናቸው ልንሄድ ነው ብዬ እየተሳቀቅኩ ገባሁ። ያዘዝሽኝንም አደረግሁ፣ እግራቸውን ልስም ጎንበስ ስል በከዘራቸው ትከሻዬን መለስ አድርገው ከለከሉኝ። እንደምንለቅ ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «አምላኬ ተመስገን» አሉ። «ልጄ ደርባን ነይ ብላ ስትጠራኝ ዓመቷ ነው። እኔ ብሄድ በራችሁ ላይ ማን ይቆማል ብዬ ነው የቀረሁት። ይሄ ጉልበት እስከ መቼ ይቆማል?» እትዬ፣ እንዳንቺው ጉልበታቸውን ነው የሚያማቸው።

እንግዲህ እኔ ለልጄ፣ ልጄ ለእኔ፣ ብርነሽ ለሁለታችን፣ ጎጎ ለሁላችን ሲሉ፣ ማንም መኖር የማይፈልግበት በር ላይ ተኮልኩለን ከርመን ኖሯል። ሱቁን ዘግተን ቁልፉን ለጎጎ መለስን። በርናባስን ብሉምፎንቴይን ድረስ አብሬው ሄጄ አደረስኩት። ስንለያይ እንደ ልጅነቱ ሳመኝ። አሁን መሃል ከተማ ከሲላስ ጋር ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ቢወረውሩልኝና ብጥለው እንኳ ምንም አይሆንም።

ወንድምሽ ደሴ


ጆሃንስበርግ
የካቲት 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ። መልስሽን ሳልጠብቅ የምጽፈው ደስታው አላስቀምጠኝ ስላለ ነው። ቅዳሜ በርናባስ ለኮሌጁ የመጀመሪያ ጨዋታውን ተጫወተ። ተሸነፉ። ሦስት ጎል ገባበት። ልክ ጨዋታው እንዳለቀ ደወለልኝና እየሳቀ ነው የሚያወራው። «ዳዲ፣ ሦስት! አንዱ በእግሬ መሃል ነው የገባው!»

«ሲገባብህ ምን አየህ?» አልኩት። ፈርቼ ነው የጠየቅሁት።

«መረቡን» አለኝ።

ያን ቀን ሌሊቱን ሳልፈራ፣ ደክሞኝ ብቻ ተኛሁ።

ደሴ


ሆሳዕና
መጋቢት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለደሴ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣

ሸክም የሚያወርድ አምላክ ይክበር። ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። የመጀመሪያውን ሰላማዊት ስታነብልኝ መሃል ላይ አለቀሰችብኝና መነጽሬን ፈልጌ ራሴ ጨረስኩት። አራት ቦታ ፊደል ስተሃል። አላረምኩትም።

መልስ ያዘገየሁት መጀመሪያ መሥራት ያለብኝ ነገር ስለነበር ነው። ትናንት እሑድ ጉንፋኔን ትቼ ከምእመናን ፊት ቆምኩ። «እኅቶቼ፣ ልጁ ከአባቱ አጠገብ እንዲቀር አስጾሜያችኋለሁ። ልጁ አልቀረም» አልኩ። እናትነሽ ምሳዋን ስታስታውስ ከፊቷ አየሁት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሰኔን፣ የጎጎን ከዘራ፣ ልጁ ጎል ሲገባበት የሚያየውን ሱቅ። «እኛ በጾም ያንን በር ልንዘጋባቸው ስንታገል፣ ጌታ አልሰማችሁም ብሎ ከፈተላቸው። ዛሬ ስላልመለሰልን ጸሎት አመስግኑልኝ» አልኳቸው።

እናትነሽ ከመቀመጫዋ ተነሣች። እንደ ልማዷ ልትከራከር መስሎኝ ነበር። «አሁንስ እንዴት ነው ልጁ?» አለች።

«ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ተጫውቶ ነበር» አልኩ።

«ስንት ገባበት?»

«ሦስት።»

እናትነሽ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልል አለች። ከዚያ ሁሉም ተነሡ፣ ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ከኋላ የተቀመጡት ኳስ ወዳጅ ወጣቶች እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱማ «እትዬ፣ ሦስት ገብቶበት እኮ ነው» ብሎ ሊያርመኝ መጣ። ድምፅ ማጉያ እንደማያስፈልገን ያኔ ተረጋገጠ። ሰሌዳው ላይ «ተመልሷል» የሚለው እንዳለ ይቆይ ብለናል።

ጎጎ ደርባን ሲገቡ አድራሻቸውን ላክልኝ፤ ስለ ጉልበት የምንነጋገረው አለን።

ማሊያውን ግን አልተውኩም። ለበርናባስ ንገረው፣ ዋንጫ የበላበትን አልፈልግም። ሦስት የገባበትን ይላክልኝ።

እህትህ ኤርጎጌ